የሰኞ ክርስትና፦ እምነትን የዕለት ኑሯችን መሠረት የምናደርግበት መንገድ

እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ይላል። በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ሰላሙን ከቅጽሩ በር አናሳልፈውም። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሲቀድመን ከአፋችን የሚወጣውን እኛው እናውቃለን። ቢሮ ገብተን የምንዋሸውን፣ ቡና ላይ የምናማውን፣ ማታ ስልክ ላይ አፍጥጠን የምናመሸውንም እናውቃለን። እሑድና ሰኞ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ኑሮ ይመስላሉ።

እኔም ለብዙ ዓመታት የኖርኩት እንዲሁ ነው። አንድ ዓመት ከፍልሰታ ሱባዔ ስመለስ ልቤ ሞልቶ ነበር። ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት ልጸልይ፣ የየዕለቱን ዳዊት (መዝሙረ ዳዊት) ሙሉ ልደግም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቼ ልሰግድ ለራሴ ቃል ገባሁ። የቆየሁት 11 ቀን ነው። በ12ኛው ቀን ድካም አሸነፈኝና ሳልነሣ ነጋ። አፈርኩ። ከዚያ ጭራሽ ሁሉንም ተውኩት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የማልተዋት አቡነ ዘበሰማያት እንኳ ቀረች። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለጊዜው አንዲት አቡነ ዘበሰማያት ስጪኝ፤ ግን በየቀኑ ትሁን» አሉኝ።

የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው። አዲስ ጊዜ ለመፍጠር አትድከሙ። ቀናችሁ ውስጥ ድሮም ያሉትን ነገሮች፣ መነሣትን፣ መብላትን፣ 3 ሰዓትን፣ 9 ሰዓትን፣ የደመወዝ ቀንን ወስዳችሁ ከእግዚአብሔር ጋር እሰሯቸው። የምኖረው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት የንስሐ አባት

ብዙ ቤት የንስሐ አባት ማለት ለበዓል መጥተው ጠበል የሚረጩ፣ ሰው ሲሞት የሚጠሩ ካህን ናቸው። እንደዚያ ከሆነ የጎደለው ትልቅ ነገር ነው። የጸሎቱንም የጾሙንም ልክ ለራሳችን ራሳችን ስንሰፋው ወይ ይሰፋናል ወይ ይጠበናል። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው።

የንስሐ አባት ከሌላችሁ በምታስቀድሱበት ደብር ካሉት ካህናት አንዱን ቅረቡና «አባቴ፣ የንስሐ ልጅ ይቀበሉኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። በመጀመሪያው ቀን ኑሯችሁን ንገሯቸው። ስንት ሰዓት ሥራ ትገባላችሁ? ቤት ውስጥ ማን አለ? ሕመም አለባችሁ? መድኃኒት ትወስዳላችሁ? የፈረቃ ሠራተኛ ናችሁ? የሚያዝዙላችሁ በዚያ ልክ እንዲሆን ይህን ማወቅ አለባቸው። ከዚያ አንድ ቋሚ ቀን ያዙ፤ ለምሳሌ በወር አንድ ጊዜ። ቀጠሮ የሌለው ንስሐ «ሳምንት እሄዳለሁ» እየተባለ ዓመት ይሞላዋል።

ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እኅቶቼ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቶ ድምፅ አውጥቶ መጸለይ የማይቻልበት ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ምክር በስልክም ይገኛል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ደግሞ በልብ የሚደረግ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል የተወለደው እናቱ ሐና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ከለመነች በኋላ ነው።

2. ጠዋት፦ ከስልክ በፊት

የቀኑ ዕጣ የሚወጣው ከእንቅልፍ ስንነቃ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። እጃችን መጀመሪያ ስልክ ከያዘ ልባችን የሰው ወሬና የሰው ጭቅጭቅ ይዞ ይነሣል። ስለዚህ ስልኩን ማታ ሌላ ክፍል ቻርጅ አድርጉት። ለማንቂያ አንድ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በእኔ ቤት ግን ከብዙ ስብከት ይልቅ የሠራው ይሄ ነው።

ከዚያ ከቤታችሁ ምሥራቅ የትኛው ወገን እንደሆነ አጣሩና ጥግ ለዩ። ሥዕለ አድኅኖ (ቅዱስ ሥዕል)፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ መቁጠሪያ ካለ እዚያው ይቀመጥ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነም የግድግዳ አንድ ክንድ ይበቃል። ነገ ጠዋት እንዲህ ጀምሩ፦

ተነሡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ወደ ምሥራቅ ቁሙ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብላችሁ አማትቡ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት ድረሱ። ከዳዊት አንድ መዝሙር አንብቡ። በመጨረሻ በራሳችሁ ቋንቋ ዛሬ የሚያስፈራችሁን አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ንገሩት። ሁሉም አንድ ላይ 10 ደቂቃ አይሞላም።

ግዕዙ ካልገባችሁ በአማርኛ ጸልዩ። ግዕዙን በቃል እያነበነቡ ልብ ገበያ ከሚውል፣ በሚገባን ቋንቋ ቀስ ብሎ መጸለይ ይሻላል። ግዕዙን ደግሞ ቀስ በቀስ ተማሩት፤ አይጣልም።

ስለ ዳዊት አንድ ነገር ልጨምር። ሥርዓቱ መዝሙሩን ለሳምንቱ ያከፋፍለዋል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል፤ እሑድ የነቢያት መኃልይ ይደገማል። ለጀማሪ ይህ ይከብዳል። በቀን አንድ መዝሙር ግን ማንም ይችላል። መዝሙሮቹ 150 ናቸው፤ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። መስከረም 1 የጀመረ ሰው ጥር 30 ዳዊቱን ይፈጽማል። አምስት ወር ልክ! 118ኛው መዝሙር 176 ቁጥር ስላለው እሱን ከፋፍላችሁ አንብቡት፤ ጥቂት ቀን ቢጨምር ግድ የለም።

ውዳሴ ማርያምም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። የዳዊቱ ልማድ ሲጸናላችሁ የዕለቱን ክፍል ጨምሩ። አስቀድማችሁ አትጨምሩ።

3. ሰዓቱን እንደ ወንጌሉ መቁጠር

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ኑሮዬን የቀየረው እሱ ነው።

የእኛ አገር ሰዓት እንደ ወንጌሉ ነው የሚቆጥረው። ማርቆስ «ስድስት ሰዓትም በሆነ ጊዜ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ሁሉ ላይ ጨለማ ሆነ» ሲል የሌላ አገር አንባቢ ቁጥሩን ማስላት አለበት። እኛ ሰዓታችንን አይተን እናውቀዋለን። ምሳ የምንበላበት ሰዓት ጌታ በመስቀል ላይ የነበረበት ሰዓት ነው። ይህን ያህል ቅርብ ነገር በእጃችን ይዘን ሳናስበው መዋላችን ያሳዝነኛል።

አባቶች ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜ ከፍለውታል። ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» እንዳለው ነው። ነግህ (የንጋቱ ጸሎት) እና የመኝታው ጸሎት ቤት ውስጥ ናቸው፤ መንፈቀ ሌሊት ለቻለ ሰው ነው። ሥራ ላይ የሚያገኙን አራቱ ናቸው።

3 ሰዓት ላይ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ። ሰዎች ሰክረዋል ብለው ሲያሙአቸው ጴጥሮስ «ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነውና» ብሎ መልሶላቸዋል። ለእኛ ሥራ የሚሞቅበት ሰዓት ነው። ማስተዋልን ለምኑ።

6 ሰዓት ላይ ስቅለቱን አስቡ። ጴጥሮስም በኢዮጴ ሊጸልይ ወደ ሰገነት የወጣው በ6 ሰዓት ነበር። ምሳችሁ ፊት ነው፤ ከመቁረሳችሁ በፊት አማትቡ።

9 ሰዓት ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡት፣ መቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ በቤቱ ሲጸልይ መልአክ ያየው በዚሁ ሰዓት ነው። ቆርኔሌዎስ ወታደር ነበር፤ አለቃ ነበረበት፣ የሚያዝዛቸውም ሰዎች ነበሩት። ሥራ ይበዛብኛል ለምንል ሰዎች እሱ ጥሩ አብነት ነው። ከሰዓት በኋላ ድካሙም ንዴቱም የሚመጣው 9 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በእኔ ላይ ቢያንስ እንደዚያ ነው።

11 ሰዓት ጌታን ከመስቀል አውርደው የቀበሩበት ነው። ከቢሮ መውጫ ነው። የቀኑን ሸክም እዚያው አራግፋችሁ ውጡ፤ ለቤተሰባችሁ ይዛችሁት አትግቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስልካችሁን በአራቱ ሰዓታት እንዲነዝር ብቻ አድርጉት፤ ድምፅ አያስፈልግም። ሲነዝር ሥራችሁን ለ30 ሰከንድ አቁሙ። በልባችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ፤ ሦስት ጊዜም ትሁን። ያ ሰዓት ምን የሆነበት እንደሆነ አስቡ። ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ማንም አያውቅባችሁም፤ ማወቅም የለበትም። ጌታ «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» ያለው ለዚህ ነው፤ ቢሮ ውስጥ እልፍኛችን ልባችን ነው።

ስብሰባ ላይ ስትሆኑ፣ መኪና ስትነዱ፣ ደንበኛ ፊታችሁ ቆሞ ሲነዝር «አቤቱ» ማለትም ይበቃል። ደንበኛውን አስቁሞ መጸለይ ጽድቅ አይደለም። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ስድስት ሰዓት እየቀነሳችሁ አስተካክሉት፤ የፈረንጅ 9 ሰዓት ጠዋት የእኛ 3 ነው። ቀትር 6 ነው። 3 ሰዓት ከሰዓት 9 ይሆናል፤ 5 ሰዓት ደግሞ 11።

መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ ያዙ። 6 ሰዓት እና 9 ሰዓት። ወር ሲሞላው ቀሪዎቹን ጨምሩ።

4. አንደበትና ሥራ

ጸሎቱ ወደ ኑሮ መግባቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። «የት ደረስሽ?» ሲሉኝ ጫማዬን እያጠለቅሁ «መንገድ ላይ ነኝ» እል ነበር። ሁሉም ሰው ይላል። ግን ጠዋት «ፈቃድህ ይሁን» ብዬ በወጣሁበት አፍ መሆኑ አንድ ቀን ከነከነኝ።

የምመክራችሁ እንዲህ ነው። ውሸትን ሁሉ በአንድ ቀን አቆማለሁ አትበሉ። አንድ ዓይነት ውሸት ምረጡ። ለአንድ ሳምንት እሱን ብቻ ጠብቁ። የእኔ የመጀመሪያዋ «መንገድ ላይ ነኝ» ነበረች። «ገና ከቤት አልወጣሁም፣ ይቅርታ» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ አሳፈረኝ። ኀፍረቱ ራሱ በጊዜ መውጣት አስተማረኝ። ቀጥሎ «የሉም በላቸው» የምትለዋ መጣች። ቀጥሎ ሥራ ላይ ላልገዛነው ዕቃ ደረሰኝ አያይዢ የተባልኩበት ቀን መጣ። ትንሿን ውሸት መተው ባልለማመድ ኖሮ ያንን ቀን እሺ እል ነበር ብዬ አምናለሁ። እንቢ ማለቴ ቂም አስያዘብኝ፤ ለብዙ ወራት ከጥቅማጥቅም ተገለልኩ። ይህን የምነግራችሁ ዋጋ አያስከፍልም ብላችሁ እንዳትገቡበት ነው። ዋጋ ያስከፍላል።

ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ በመስኮቱ ፊት ይጸልይ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ጥቂት ቁጥር ቀደም ብሎ ያለውን ግን አናስተውለውም። ጠላቶቹ በመንግሥት ሥራው ላይ ሰበብ ፈልገው አጡበት። የጸሎት ሰውም፣ ሥራውን የማያጓድል ሠራተኛም ነበር። 2 ሰዓት ተኩል መግባት ሲገባው 3 ሰዓት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ሰው የአሠሪውን ጊዜ ነው የሚጸልይበት። ነጋዴ ከሆናችሁ ደግሞ ምሳሌ 11 ላይ ያለችው «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የምትለው ቃል ሚዛናችሁ አጠገብ ትለጠፍ።

ሐሜትን በተመለከተ አንድ ዘዴ ብቻ ልንገራችሁ። ወሬው ሲጀመር የሚታማውን ሰው ስም በልባችሁ ያዙና «አቤቱ፣ እሱንም እኔንም ማረን» በሉ። ለምንጸልይለት ሰው ክፉ መናገር ከባድ ነው።

5. ጾም፦ ከሳህኑ ባሻገር

አጽዋማቱ ሰባት ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ። ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ጾም የእኛ ሕዝብ ጠንካራ ጎን ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የምግብ ዝርዝር መቀየር ብቻ ይሆናል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የጾም ኬክና የጾም በርገር ሞልቷል። መብላቱን አልኮንንም። ግን ከፍስኩ በላይ ወጪ ያለበት ጾም ምኑን ያደክመናል?

ሦስት ነገር አድርጉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። አቅማችሁ እስከፈቀደ ከቁርስ ቆዩ፤ 6 ሰዓት ይሁን 9 ሰዓት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ወስኑ። እስከ 9 የጾመ ሰው 9 ሰዓትን ለማስታወስ ስልክ አያስፈልገውም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ስኳር ወይም ጨጓራ ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙንም አባቱንም ሳይጠይቅ ራሱን አይቅጣ።

ሁለተኛው ብሩ ነው። ለሥጋ፣ ለወተት፣ ለእንቁላል ታወጡ የነበረውን ገንዘብ በግምት አስሉ። በየሳምንቱ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩት። ጾሙ ሲፈታ የእናንተ አይደለም። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው። ለማን እንደምትሰጡ ሩቅ አትፈልጉ፤ በየግቢው የምታጥብ እናት፣ ቤት ኪራይ የጨነቀው የጥበቃ ሠራተኛ አለ። ስማቸውን እወቁ። ሳንቲም ወርውሮ ማለፍና ስም ጠርቶ መስጠት ይለያያሉ።

ሦስተኛው ዓይን ነው። በጾም ወራት ከስልካችሁ አንድ ነገር አንሡ። እኔ በዐቢይ ጾም ቲክቶክን አጠፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት እጄ ብቻዋን ስትፈልገው አያለሁ። ለካ እንዲህ ታስሬ ነበር!

6. ቤት

ማታ ቤተሰቡ አንድ ላይ የሚቆምበት አምስት ደቂቃ ይኑር። እራት ከመቅረቡ በፊት ይመቻል፤ ከእራት በኋላ ሁሉም ይበተናል። አቡነ ዘበሰማያትን ልጆች ያስጀምሩ። ቢሳሳቱም አታርሟቸው፤ ቆይቶ ይስተካከላል። ባል ወይም ሚስት መቆም ካልፈለጉ አትጨቅጭቁ። እኛ ቤት ባለቤቴ አራት ወር ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነው የሰማን። አንድ ቀን ሳልጠራው ተነሥቶ አጠገባችን ቆመ። ብጠራው ኖሮ የሚነሣ አይመስለኝም።

ከጸሎቱ በላይ የሚከብደው ግን ዕርቅ ነው። ጳውሎስ «በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል። ቤታችን ውስጥ ይህን ሕግ አድርገነዋል፤ የተኳረፈ ሰው ሳይታረቅ አይተኛም። ማን አጠፋ የሚለው ለነገ ሊቆይ ይችላል። «ይቅር በለኝ» ብቻ ዛሬ ይባላል። ከጎረቤት ወይም ከወንድም ጋር የቆየ ጸብ ካለ ሽማግሌ ላኩ። ይህ ባህል በእጃችን ያለ ጸጋ ነው፤ ለጋብቻ ብቻ አናስቀምጠው።

7. እሑድን ከቅዳሜ መጀመር

ቅዳሜ ማታ በግጻዌው (የየዕለቱን ምንባብ በሚያሳየው መጽሐፍ) የነገው ወንጌል የትኛው እንደሆነ እዩና አንብቡት። ጠዋት ሲነበብ ጆሯችሁ ያውቀዋል። ከቅዳሴ በፊት ያለው ጸሎተ ኪዳን ሲደርስ ለመገኘት ሞክሩ፤ ከወንጌል በኋላ ደርሶ ከደጀ ሰላም ተሳልሞ መመለስ ልማድ አይሁን። ከሰማችሁት አንዲት ቃል ለሳምንቱ ያዙ።

ቁርባንን ደግሞ ለእርጅና አታቆዩት። «ስሸመግል እቆርባለሁ» የሚለው አነጋገር ስንቱን ወጣት ከማዕዱ አርቆታል። መንገዱ ግልጽ ነው፦ ንስሐ መግባት፣ ቀኖናን (ካህኑ ለንስሐ የሚያዝዙትን) መፈጸም፣ ከአባት ፈቃድ መቀበል፣ 18 ሰዓት ጾሞ መቅረብ። ባለትዳሮች አብራችሁ ተመካከሩና አብራችሁ ቅረቡ። ሁሉም ነገር ወደዚህ ነው የሚሄደው፤ ጸሎቱም ጾሙም።

አሥራታችሁን ደመወዝ በገባ ቀን አውጡ። ወሩ ካለቀ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። ጽዋ ማኅበር ካለባችሁም ለድግሱ የምታወጡትን ቀንሳችሁ፣ የታመመ የማኅበር አባል ለመጠየቅ አውሉት።

8. ሲቋረጥ

ይቋረጣል። ልጅ ይታመማል፣ ሥራ ይደራረባል፣ አንዳንዴም ልብ ዝም ብሎ ይደርቃል። እኔን በ12ኛው ቀን የጣለኝ መተኛቴ አልነበረም፤ ከተኛሁ በኋላ ያሰብኩት ነው። «በቃ ተበላሽቷል፣ ከመጪው ሰኞ እንደገና እጀምራለሁ» አልኩ። ያ ሰኞ አንድ ዓመት ፈጀ።

ረቡዕ መሆኑን ረስታችሁ ቁርስ ላይ እንቁላል ከበላችሁ፣ ቀኑ ተበላሽቷል ብላችሁ ምሳ ላይ ጥብስ አትዘዙ። ካስታወሳችሁበት ሰዓት ጀምሩ። ጠዋት ሳትጸልዩ ከወጣችሁ ታክሲ ውስጥ አማትቡ። 3 ሰዓት ካለፋችሁ 6 ሰዓት አለ። ሳምንቱን ሙሉ ከተዋችሁት ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ፤ ምን እንደምትሉ ካጣችሁ «አባቴ፣ አቋርጫለሁ» ማለት ይበቃል።

ይህን ጽፌ ስጨርስ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስልኬ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይነዝራል።